ፒክአፕ ላይ ዲፍሎክ ማስገጠም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች ብዙውን ጊዜ የሚመጡት ግንቦት ላይ ነው፤ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ያለፈው ዓመት ጭቃ ትዝ ሲል። መልሶቹ የሚያዘነብሉት ወደ ቶዮታ ሃይሉክስ ነው፤ ጠያቂው ሁሉ ማለት ይቻላል የሚነዳው እሱን ነውና። ሌላ ፒክአፕ የያዛችሁም አንብቡት። አሠራሩ ያው ነው፤ የሚለየው የዕቃው ልክ ነው።

ዲፍሎክ በትክክል የሚሠራው ምንድን ነው?

መንጃ ፈቃድ ስትማሩ የዲፈረንሻልን ጥቅም ሸምድዳችኋል። መኪና ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ረጅም፣ የውስጡ ጎማ አጭር መንገድ ስለሚሄዱ፣ ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚፈቅደው እሱ ነው። ያልተነገራችሁ፣ ይኸው ፈቃጅነቱ ጭቃ ላይ እንደሚያስቀር ነው።

ተራ ዲፈረንሻል ጉልበትን ለግራና ለቀኝ እኩል ያካፍላል። ጣጣው ያለው «እኩል» የሚለው ቃል ውስጥ ነው። አንዱ ጎማ ጭቃ ላይ ሆኖ 50 ኪሎ ያህል ገፍቶ መሾር ከጀመረ፣ ደረቅ መሬት የረገጠውም ጎማ የሚደርሰው ያው 50 ነው። መኪናው ለመውጣት 400 ቢፈልግ፣ ሁለቱ ተደምረው 100 ናቸውና የትም አይሄድም። ነዳጅ ብትረግጡ የሚጨምረው የሚሾረው ጎማ ፍጥነት ብቻ ነው። ብዙ ሰው «ጉልበቱ ሁሉ ወደሚሾረው ጎማ ሄደ» ይላል። እንደዚያ አይደለም፤ ጉልበቱ ለሁለቱም ጠፍቷል።

ዲፍሎክ ግራና ቀኙን ሻፍት እንደ አንድ ብረት ያስራቸዋል። ያን ጊዜ እኩል የሚሆነው ጉልበቱ ሳይሆን ፍጥነቱ ነው። ደረቁ ጎማ 350 መግፋት ከቻለ 350ውን ያገኛል፤ ባልንጀራው አየር ላይ ቢንጠለጠል እንኳ።

ፎር ዊል ካለኝ ሌላ ምን ያስፈልገኛል?

ፎር ዊል ስታስገቡ የሚተሳሰሩት የፊቱና የኋላው ዲፈረንሻል ናቸው። እያንዳንዱ በውስጡ አሁንም ግራና ቀኙን እኩል የሚያካፍል ተራ ዲፈረንሻል ነው። ቦይ በሰያፍ ስትሻገሩ ምን እንደሚሆን አስቡ፦ የፊት ግራው ጎማ ይነሳል፣ የኋላ ቀኙ ይነሳል፣ ሁለቱ መሬት የያዙት ዝም ብለው ይቆማሉ። አራት ጎማ የሚነዳ መኪና በሁለት የተንጠለጠሉ ጎማዎች ምክንያት እዚያው ይቀራል። ፒክአፕ ላይ ይህ የሚብሰው የኋላው ባሌስትራ ለጭነት ተብሎ ስለሚጠነክር ነው። ጀርባው ባዶ ሲሆን አይለመጥም፤ መሬቱ ሲጎደጉድ ጎማው ተከትሎ ከመውረድ ይልቅ አየር ላይ ይቀራል።

ምናልባት የኔ መኪና ላይ ከፋብሪካ የተገጠመ ይኖር ይሆን?

ሊኖር ይችላል፤ ሳያውቁት ዓመታት የነዱ ሰዎች አይቻለሁ። መጀመሪያ ዳሽቦርዱ ላይ የአክስልና የጎማዎች ሥዕል፣ የኋላው ላይ የመስቀል ምልክት ያለበት ቁልፍ ፈልጉ። ቀጥሎ ከመኪናው ሥር ገብታችሁ የኋላውን ዲፈረንሻል እዩ፤ የቶዮታው ኤሌክትሪክ ዲፍሎክ ከሆነ ጎኑ ላይ ትንሽ ሞተርና ሽቦ አለው።

ቁልፍም ሞተርም ከሌለ የእጅ ፈተናው ይህ ነው። የፊት ጎማዎቹን ግራና ቀኝ፣ ከፊትና ከኋላ በድንጋይ አስይዙ፤ የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው የኋላውን ነውና ለዚህ ሥራ መፈታት አለበት። ማርሽ አስገብታችሁ ሞተሩን አጥፉ። ሁለቱን የኋላ ጎማዎች በክሪክ አንሱና አስተማማኝ መቆሚያ ላይ አሳርፉ። አሁን አንዱን ጎማ በእጅ አዙሩት። ሌላው በተቃራኒው ከዞረ ተራ ዲፈረንሻል ነው። አልዞር ብሎ ካስቸገረ ውስጡ ራሱን በከፊል የሚይዝ ዓይነት፣ ማለትም ኤልኤስዲ የሚባለው፣ ሊሆን ይችላል፤ ዘይቱም ከተራው ይለያል።

ስንት ዓይነት አለ? የትኛው ይሻለኛል?

በአጭሩ፦ ስትፈልጉ የምታስገቡት፣ ሳትፈልጉ የምታወጡት። ለሥራ መኪና፣ በሳምንት አምስት ቀን አስፋልት ላይ ለሚውል ፒክአፕ፣ ምክሬ ከዚህ አይወጣም። እሱም ሁለት መልክ አለው።

አንደኛው በነፋስ የሚሠራው ነው፤ በጣም የታወቀው የአውስትራሊያው ኤአርቢ ኤር ሎከር ነው። ትንሽ ኮምፕሬሰር ሞተር ክፍል ውስጥ ወይም ወንበር ሥር ይቀመጣል፣ ቀጭን ቱቦ ወደ ዲፈረንሻሉ ይወርዳል፣ ቁልፉ ሲነካ ነፋሱ ውስጥ ያለውን ቀለበት ገፍቶ ጥርሱን ያስራል። ጠንካራ ነው። ኮምፕሬሰሩ ትልቅ ከሆነ ጎማም ይነፋላችኋል፤ ይህ እኛ አገር ትንሽ ጥቅም አይደለም፣ ጎሚስታ በሌለበት ጎማ አስተንፍሶ አሸዋ መሻገርና መልሶ መንፋት ይቻላልና። ድክመቱ ቱቦውና ውስጥ ነፋሱን የሚያፍኑት የላስቲክ ቀለበቶች ናቸው። ቱቦው ጭስ ማውጫ ከነካው ይቀልጣል፣ ድንጋይ ካገኘው ይቆረጣል።

ሁለተኛው በኤሌክትሪክ የሚሠራው ነው። ቶዮታ በፋብሪካው የሚገጥመው በትንሽ ሞተር ሹካ እየገፋ የሚያስር ሲሆን፣ ሌሎች ደግሞ በኤሌክትሮማግኔት የሚሠሩ አሉ። ኮምፕሬሰርም የነፋስ ቱቦም የለም፤ አንድ ሽቦ፣ አንድ ሪሌ፣ አንድ ፊውዝ። የሞተሩ ዓይነት ለረጅም ጊዜ ሳይነካ ከቀረ ይደርቃል። ባትፈልጉትም በወር አንዴ አፈር መንገድ ላይ አስገብታችሁ አውጡት።

ራሱ የሚያስርና የሚፈታም አለ፤ «ዲትሮይት ሎከር» የሚባለው የዚህ ወገን ነው። ሁልጊዜ የታሰረ ነው፤ መኪናው ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ፈጥኖ ሲቀድም ብቻ ይለቃል። ጉልበቱ የተመሰከረለት ነው፤ ግን ከተማ ውስጥ አደባባይ ስትዞሩ ከኋላ «ቋ!» ይላል፣ ጎማ ይጮኻል፣ ዝናብ ላይ ነዳጅ ስትረግጡ ጀርባው ይሸሻል። የመኪናውን ጠባይ የማያውቅ ሹፌር በየወሩ ለሚቀያየርበት የመሥሪያ ቤት መኪና አላስገጥመውም። በዚሁ መንገድ የሚሠራ አነስ ያለ ዓይነትም አለ፤ አሮጌው የዲፈረንሻል ሳጥን ውስጥ ያሉትን ትናንሽ ጥርሶች ብቻ አውጥቶ በቦታቸው የሚገባ። ክራውንና ፒኒየኑ (ከሞተር የሚመጣውን ዙር ወደ ሻፍቶቹ የሚያዞሩት ትልቁና ትንሹ ባለ ጥርስ) ስለማይነካ ሥራው ቀላል፣ ዋጋውም የወረደ ነው። ጥንካሬው ግን ከአሮጌው ሳጥን አይበልጥም።

ኤልኤስዲና በጥርስ ጥምዝ የሚሠሩት እንደ ቶርሰን ያሉት ዲፍሎክ አይደሉም፤ አንዱ ጎማ ከሚይዘው የተወሰነ እጥፍ ለሌላው ይሰጣሉ። እጥፍ ማለት ግን ማባዛት ነው፤ ጎማው አየር ላይ ከሆነ ደግሞ የሚባዛው ዜሮ ነው። ለጥምዙ ዓይነት የእጅ ፍሬኑን ትንሽ ሳብ ማድረግ ያግዛል፣ የሚሾረውን ጎማ የሚጫነው ነገር ያገኛልና። ይህ ዘዴ ተራ ዲፈረንሻል ላይም በመጠኑ ይሠራል፤ ነፃ ስለሆነ ምንም ሳታስገጥሙ ሞክሩት።

በብየዳ ቢታሰርስ? ብዙ ርካሽ ነው አሉኝ።

አይሆንም። ውስጡ ያሉት ጥርሶች በብየዳ ከተያያዙ መፈቻ የላቸውም። አስፋልት ላይ በተጠማዘዘ ቁጥር አንዱ ጎማ እየተጎተተ ይፋቃል፣ መሪው ይከብዳል፣ ሻፍቱ ሳያቋርጥ ይጠመዘዛል። ሻፍት ደግሞ ሲቆረጥ ጊዜና ቦታ አይመርጥም፤ ሃይሉክስ ላይ ጎማው የተሸከመው በዚሁ ሻፍት ነው። ለእርሻ ብቻ የሚያገለግልና አስፋልት የማይረግጥ አሮጌ መኪና ካላችሁ የራሳችሁ ጉዳይ ነው። ሰው የምትጭኑበት ከሆነ አታድርጉት።

አንድ ብቻ ማስገጠም ብችል፣ ከፊት ወይስ ከኋላ?

ከኋላ። ዳገት ላይ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ጭነቱም ያለው እዚያው ነው፣ የኋላው አክስልም ወፍራም ነው። የፊቱ ሲታሰር መሪው አልዞር ይላል፤ አዲሶቹ ፒክአፖች የፊት ሻፍታቸው ላይ ያለው መገጣጠሚያ ደግሞ መሪ ሙሉ በሙሉ ዞሮ፣ ታስሮ፣ ነዳጅ ሲረገጥ በቀላሉ ይሰበራል። ሁለቱንም የሚያስገጥም ሰው ቁልፎቹ እንዲህ ይሳሰሩለት፦ የኋላው ሳይገባ የፊቱ እንዳይገባ። ኤር ሎከሩ ይዞት የሚመጣው ሽቦ እንደዚህ ነው የተዘጋጀው።

ለኔ መኪና የሚሆነውን ዕቃ እንዴት ልወቅ? ዘመድ ከውጭ ሊልክልኝ ነው።

«ሃይሉክስ ነው» ብላችሁ አትዘዙ። ሞተር ክፍል ውስጥ ወይም በር ምሰሶ ላይ ያለውን የብረት ሰሌዳ ፎቶ አንሱ፤ የሻሲ ቁጥሩ፣ የሞዴሉ ኮድና የአክስሉ ኮድ እዚያ አሉ። ሻጩ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ የክራውኑ ስፋት፣ የሻፍቱ ጥርስ ብዛት እና የማርሹ ልክ (የክራውኑ ጥርስ ለፒኒየኑ ጥርስ ሲካፈል የሚወጣው)። የሃይሉክስ ፎር ዊል የኋላ ሻፍት በአብዛኛው 30 ጥርስ ነው፤ ይሁንና የኩሽኔታው ልክ ከትውልድ ትውልድ ይለያያል። በ1997 የወጣው ሞዴል፣ እዚህ ዲ ፎር ዲ ወይም ቪጎ የምንለው የ2005ቱ፣ እንዲሁም ሬቮ የምንለው የ2015ቱ (ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር) አንድ ዕቃ ይጋራሉ ብላችሁ አትነሱ።

አሜሪካ ላላችሁ አንድ ማስጠንቀቂያ። ሃይሉክስ እዚያ አይሸጥም፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1995 ወዲህ ቦታውን የያዘው ታኮማ ነው። ሁለቱ ይመሳሰላሉ እንጂ ዕቃቸው አንድ አይደለም፤ የታኮማ የኋላ ዲፈረንሻል ስፋቱ ራሱ ይለያል። ወንድም በደግነት ቨርጂኒያ ካለ ሱቅ ገዝቶ፣ ሰው ለምኖ በሻንጣ አስይዞ ይልካል፤ ዕቃው እዚህ ሲደርስ ጋራዡ ውስጥ የበር ማስደገፊያ ይሆናል። በዚህ ጉዳይ ዱባይ ወይም ሪያድ ያለ ዘመድ ይሻላል፤ ባሕረ ሰላጤው ሃይሉክስ የሞላበት ገበያ ነው፣ አሸዋ የሚወጡ ሰዎች ስላሉም ዕቃው ይገኛል።

ያገለገለ፣ ዲፍሎክ ያለው ሙሉ ዲፈረንሻል ሶማሌ ተራ ባገኝስ?

ጥሩ ግዢ ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ነገር ካጣራችሁ። አንደኛው የማርሹ ልክ ነው። የክራውኑን ጥርስ ቆጥራችሁ ለፒኒየኑ ጥርስ አካፍሉ፦ 41 ለ10 ከሆነ 4.10፣ 43 ለ11 ከሆነ 3.909 ይወጣል። እነዚህ ሁለቱ ለዓይን አንድ ናቸው። የኋላውን በ3.909 ቀይራችሁ የፊቱ 4.10 ሆኖ ከቀረ ግን፣ ፎር ዊል ስታስገቡ በየ100 ሜትሩ የፊቱና የኋላው ጎማ ወደ 5 ሜትር በሚጠጋ ይለያያሉ። ጭቃ ላይ ይንሸራተትና ይታለፋል። ደረቅ መሬት ላይ መኪናው እንደታነቀ ይሆናል፣ በመጨረሻም የሆነ ነገር ይሰበራል። ፎር ዊል ካላስገቡ ስሕተቱ አይታወቅም፤ ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ የሚገለጠው በክፉ ሰዓት።

ሁለተኛው፣ የቶዮታው የፋብሪካ ዲፍሎክ ለሞተሩና ለሹካው የሚሆን ቦታ ይፈልጋል፤ ተራው የአክስል ቤት ላይ እንዲሁ አይቀመጥም። ስለዚህ መሀሉን ብቻ ገዝቶ ቤቱን ከመቁረጥ፣ ከነአክስሉ ሙሉውን መግዛት ይቀላል። ያን ጊዜ ስፋቱን፣ ፍሬኑንና የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚጠብቀው ሥርዓት) ሴንሰሩን ከራሳችሁ ጋር አስተያዩ።

ገጠማው ምን ይመስላል? ማንኛውም ጋራዥ ይሠራዋል?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ገንዘቡ የሚበላሸው እዚህ ነው። ሰው ለዕቃው ዓይነት ወር ሙሉ ይከራከርና ገጠማውን ቅርብ ላገኘው ይሰጣል። እኔ ግን ደህና የተገጠመ ርካሽ ዕቃ በዘፈቀደ ከተገጠመ ውድ ዕቃ ይሻላል ባይ ነኝ።

ሥራው ሲጀመር የኋላ ጎማዎችና ታምቡሮቹ ይወጣሉ፣ የፍሬን ቱቦውና የእጅ ፍሬኑ ገመድ ይፈታሉ፣ ሁለቱ ሻፍቶች ይሳባሉ። ኤቢኤስ ያለው መኪና ላይ ሴንሰሩ መጀመሪያ ካልተነሳ ሻፍቱ ሲወጣ ይሰብረዋል። ዘይቱ ይፈስሳል፣ ዲፈረንሻሉ ከነቤቱ ተፈቶ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል። ሃይሉክስ እዚህ ላይ ደግ ነው፤ የኋላው እንዳለ ወደ ፊት ስለሚወጣ ሥራው ከመኪናው ሥር ሳይሆን ብርሃን ያለበት ቦታ ይሠራል።

ክራውኑ ከአሮጌው ሳጥን ተፈቶ አዲሱ ላይ ይታሰራል። አሁን ዋናው ሥራ መጣ፦ ክራውኑና ፒኒየኑ እንዴት ይነካካሉ? በመሀላቸው ያለው ክፍተት፣ በሃይሉክሱ 8 ኢንች ዲፈረንሻል፣ ከ0.13 እስከ 0.18 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ በእጅ ነቅንቆ «ደህና ነው» የሚባል ልክ አይደለም፤ በመለኪያ ሰዓት፣ ማለትም የሚሊ ሜትር ሽራፊ በሚያሳይ ባለ ቀስት መሣሪያ፣ ነው የሚታየው። ከዚያ ጥርሶቹ ላይ ቀለም ተቀብቶ ይዞራል፤ ቀለሙ የለቀቀበት ቦታ የጥርሱ መሀል መሆን አለበት። ወደ ጫፍ ወይም ወደ ሥር ከሄደ ገና ነው። ክፍተቱ ሲጠብ ይሞቃል፣ ሲሰፋ ያንኳኳል፤ ሁለቱም ክራውን ይበላሉ። ስለዚህ ጋራዥ ስትመርጡ የምትጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፦ «የመለኪያ ሰዓት አላችሁ? አሳዩኝ።» ከሳቁባችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ።

የጎን ኩሽኔታዎቹ በአዲስ ይቀየሩ። የሻፍቱ ዘይት መያዣ ጎማም እንደዚሁ፤ አሁን ያላወጣችሁት ጥቂት ብር በኋላ የፍሬን ሸራ በዘይት ያስነክራል።

ኤር ሎከር ከሆነ የዲፈረንሻሉ ቤት ተበስቶ የብሎን ጥርስ ይወጣለታል፣ የነፋሱ ቱቦ በዚያ ይገባል። የራሴ መኪና ላይ ጉዳት የደረሰው በዚህ ምክንያት ነው። የበሳው ልጅ ብናኙን በጨርቅ ጠርጎ «አለቀ» አለ። አላለቀም ነበር፤ በሁለት ወሩ ዘይቱን ስቀይር የብረት ዱቄት አብሮ ወረደ፣ አንዱ ኩሽኔታ ጠባሳ ይዟል። ከዚያ ወዲህ ከተበሳ በኋላ ቤቱ በናፍጣ ሲታጠብና በነፋስ ሲጠረግ በዓይኔ ካላየሁ አላስገጥምም።

የመተንፈሻ ቱቦውንም አስታውሱ። ዲፈረንሻል ሲሞቅ ይተነፍሳል፤ ውኃ ውስጥ ሲገባ በድንገት ቀዝቅዞ ይስባል፣ መተንፈሻው ዝቅ ያለ ከሆነ የሚስበው ውኃ ነው። ዲፈረንሻሉ ከተነሳ አይቀር ቱቦውን ወደ ላይ አስረዝሙት።

ልምድ ያለው ሰው አንዱን በአንድ ሙሉ ቀን ይጨርሳል። ሁለተኛ ቀን ቢጠይቅ ግን አትናደዱ። ከተገጠመ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከባድ ጭነትና ፍጥነት አታብዙ፤ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ዘይቱን አስቀይሩ።

የኤቢኤስና የመረጋጊያ ሥርዓቱ ይረበሻል?

ሲታሰር፣ አዎ። ኤቢኤስ እያንዳንዱን ጎማ ለብቻው ማንበብ ይፈልጋል፤ የታሰሩት ሁለቱ አብረው ይዞራሉ። የፋብሪካው ዲፍሎክ ሲገባ ኮምፒውተሩ እያወቀ አንዳንዱን ሥርዓት ያጠፋል። ሬቮ በምንለው በ2015ቱ (በፈረንጅ) ሃይሉክስ ላይ የኋላው ሲታሰር ጎማ እንዳይሾር በፍሬን የሚቆጣጠረው ሥርዓት ከፊትም ከኋላም ይጠፋል፤ ይህ ብዙዎችን ያበሳጨ ነገር ነው። ከውጭ የተገጠመ ዲፍሎክ ኮምፒውተሩ ስለማያውቀው የፊቱ መቆጣጠሪያ መሥራቱን ይቀጥላል። የማስጠንቀቂያ መብራት ብልጭ ቢል፣ ከወጣ በኋላ የሚጠፋ ከሆነ አትደንግጡ።

ዋልካ ላይ ይረዳል?

ጎማው ከያዘ ይረዳል፤ ካልያዘ ያባብሳል።

ዋልካ ሲርስ ከጎማው ጋር ይጣበቃል፤ የጎማው ጥርስ በጭቃ ይሞላና ልሙጥ ይሆናል። አራቱም ጎማ ልሙጥ ሲሆን ማሰር የሚያመጣው አራት ልሙጥ ጎማ አንድ ላይ ማሾር ነው። ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ። የገጠር ጥርጊያ መንገድ ውኃ እንዲወርድ መሀሉ ከፍ፣ ዳርና ዳሩ ዝቅ ተደርጎ ይሠራል። ተራ ዲፈረንሻል ላይ አንዱ የኋላ ጎማ ሲሾር ሌላው ዝም ብሎ መሬት ስለሚይዝ መኪናውን ወደ ጎን ከመንሸራተት ይጠብቀዋል። ሁለቱ ታስረው አብረው ሲሾሩ የሚይዝ የለም፤ ጀርባው ቀስ ብሎ፣ ክብር ባለው አኳኋን፣ ወደ ቦዩ ይወርዳል። ባዶ ፒክአፕ ላይ ይህ በጣም ፈጣን ነው። መንገዱ ወደ ጎን ካዘነበለ ዲፍሎኩን አታስገቡት፤ ፎር ዊል፣ ዝቅተኛ ማርሽ፣ የመንገዱ ጫፍ ላይ ሳይሆን ጉብታው ላይ።

በሌላ በኩል እንደ ቱርሚ አካባቢ ያሉት ደረቅ የአሸዋ ወንዞች፣ በጎርፍ የተቦረቦረ መውጫ፣ ትላልቅ ድንጋይ ያለበት ዳገት፣ ድልድይ ያጣ ቦይ፣ እነዚህ የዲፍሎክ አገር ናቸው። አሸዋ ላይ ከዲፍሎኩ በፊት የጎማውን ነፋስ ወደ 18 ፒኤስአይ አውርዱ፤ ብዙ ጊዜ ቁልፉን ሳትነኩ ታልፋላችሁ። አስፋልት ከመድረሳችሁ በፊት ንፉት።

መቼ ነው የማስገባው?

እንቅፋቱን ከመድረሳችሁ በፊት፣ ቆማችሁ ወይም በሰው እርምጃ ስትሄዱ። ጎማ እየሾረ አታስገቡ፤ አንዱ የሚሾር አንዱ የቆመ ጥርስ በግድ ሲጋጠም የሚሰማው ድምፅ የገንዘባችሁ ድምፅ ነው። መሪውን በተቻለ መጠን ቀጥ አድርጉ። እንዳለፋችሁ አውጡ። ደረቅና ጠንካራ መሬት ላይ፣ በተለይ መታጠፊያ ላይ፣ ታስሮ መሄድ የለበትም።

መኪናውን ሌላ ሰው የሚነዳው ከሆነ ቁልፉ ላይ ክዳን አድርጉበት። ወንበር ማሞቂያ መስሎት የነካ ሰው አውቃለሁ።

አጠፋሁት፤ መብራቱ ግን አይጠፋም። ተበላሸ?

ብዙውን ጊዜ አልተበላሸም። ሻፍቶቹ ተጠማዝዘው ጥርሱን አጣብቀውታል። ቀጥ ባለ መንገድ ጥቂት ሜትር ወደ ፊት፣ ከዚያ ወደ ኋላ ሂዱ፤ መሪውን ቀስ ብላችሁ ግራና ቀኝ በሉት። ጭንቀቱ ሲላላ ይወጣል። ይህ ሁሉ ካልረዳና ኤር ሎከር ከሆነ፣ ነፋሱ እየወጣ መሆኑን ስሙ። ከነፋስ መዝጊያው ዘይት የሚተፋ ወይም ከመተንፈሻው ነፋስ የሚያፏጭ ከሆነ ውስጥ ያሉት የላስቲክ ቀለበቶች አልቀዋል፤ ዲፈረንሻሉ ዳግም ይወርዳል።

በጠቅላላ ምን ያህል ያስወጣል? ያዋጣልስ?

ኤር ሎከር አሜሪካ ውስጥ ዕቃው ብቻ ከ1,000 ዶላር በላይ ነው፤ ኮምፕሬሰሩ ለብቻው ነው። የብሩ ምንዛሪ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በብር የሚነገር ዋጋ ሳምንት ስለማይቆይ እዚህ አልጽፈውም። በላዩ ላይ ቀረጥ፣ ኩሽኔታ፣ ዘይትና የእጅ ዋጋ ጨምሩ።

በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ጭቃ የምትነኩ ከሆነ አላስገጥምም። በዚያ ገንዘብ አራት ደህና የጭቃ ጎማ፣ ጠንካራ መጎተቻ ካቦ፣ አካፋና ከጎማ ሥር የሚነጠፍ ጣውላ ይገዛል፤ ይተርፋልም። ጎማው ያለቀ መኪና ላይ ዲፍሎክ የሚጠይቁኝን መጀመሪያ ጎማ ቀይራችሁ ኑ እላቸዋለሁ፤ ግማሾቹ አይመለሱም፣ ችግራቸው ተፈትቷልና። ብቻውን ሩቅ የሚሄድ፣ ጎታች በማይገኝበት አካባቢ የሚሠራ፣ ጭኖ ዳገት የሚወጣ ሰው ግን አይቆጨውም።

ከተገጠመ በኋላ እንክብካቤው ምንድን ነው?

ዕቃው የመጣበት መመሪያ ሌላ ካላለ፣ 80/90 ቁጥር ጂኤል-5 ዘይት። ጥልቅ ውኃ ከተሻገራችሁ በማግሥቱ የዘይት መሙያውን ከፍታችሁ ዘይቱን በጣታችሁ ነክታችሁ እዩት፤ ወተት የመሰለ ከሆነ ውኃ ገብቷልና ሳትነዱት አስቀይሩ። የመፍሰሻው ቡሽ ማግኔት ካለው በየቅያሪው እዩት፤ ቀጭን ጥቁር ቅባት የተለመደ ነው፣ በጣት የሚቆጠር ስባሪ ግን መኪናውን ማቆሚያ ምክንያት ነው።